ወፍጮው የነበረበት ጥግ

አሶሳ ውስጥ መንገድ ሲያምር ሰው ይመርቃል። አዲሱ አደባባይ ተከፍቶ ባጃጁም የጭነት መኪናውም ሳይገፋፋ ማለፍ ከጀመረ ወዲህ እኔም ስንት ጊዜ እንደተመረቅኩ አላውቅም። ማዘጋጃ ቤት ስለምሠራ ብቻ አስፋልቱን በገዛ እጄ ያነጠፍኩት ይመስል «ኑሩልን» የሚለኝ ብዙ ነው። እኔ ግን እዚያ ስደርስ አንገቴን ቀብሬ ነው የማልፈው። በቀኝ ጆሮዬ ወፍጮ ይሰማኛል። ወፍጮው ከፈረሰ ሁለት ክረምት አልፏል።

እብድ አይደለሁም። ሚስቴም አይደለህም ትለኛለች፤ እሷ ደግሞ እኔን ለማሞገስ የምትቸኩል ሴት አይደለችም። ድምፁ የሚመጣብኝ በጠራራ ፀሐይ ነው። ቱፍ ቱፍ ቱፍ ይልና እንደሚያስነጥሰው ሰው አንዴ ያቋርጣል፤ ከዚያ ይቀጥላል። ቢሮ መብራት ጠፍቶ ጄኔሬተር ሲነሳ፣ ሞተር ሳይክል መስኮቴ ሥር ሲቆም፣ ልቤ ቀጥ ይላል። አንድ ቀን ባምባሲ ለሥራ ሄጄ፣ ከሰው ጋር ምሳ እየበላሁ፣ ከየት መጣ ሳልል ሰማሁትና ጉርሻዬን መልሼ ሳህኑ ላይ አስቀመጥኩት። «ምነው?» ሲሉኝ ጥርሴን አመመኝ አልኩ።

ሰው አልገደልኩም። ሰነድ አልደበቅኩም። ያደረግኩት ነገር አንድ ዓረፍተ ነገር መጻፍ ነው።

ሥራዬ ቃለ ጉባኤ መያዝ ነው። ያደግኩት ፓዌ ነው፤ ወላጆቼ በሰፈራ ከወሎ የመጡ ገበሬዎች ናቸው። አባቴ ማንበብም መጻፍም አይችልም ነበር፤ ስለዚህ የተጻፈ ነገር ሁሉ እውነት ይመስለው ነበር። «በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» ማለት ይወዳል። ማዘጋጃ ቤት ተቀጥሬ ቃለ ጉባኤ ያዥ ስሆን፣ ዳኛ የሆንኩ አስመስሎ ነው ለመንደሩ ያወራው። እኔም በሥራዬ እኮራ ነበር፤ አልዋሽም። ግማሽ ቀን የፈጀ ስብሰባ ሁለት ገጽ አደርገዋለሁ። ጩኸቱን አስወግጄ ነጥቡን አስቀራለሁ። አለቆቼ የሚወዱልኝም ይህንኑ ነው።

የእኛ ስብሰባ የራሱ አካሄድ አለው። ሰብሳቢው አምስት አምስት ሰው ያናግራል፤ አምስቱ ሲያበቁ ለሁሉም በአንድ ላይ ይመልሳል። አምስተኛው ሰው ሲናገር ሰብሳቢው በሆዱ መልስ እያዘጋጀ ስለሆነ አይሰማም፤ ተሰብሳቢው ደግሞ ሰዓት ያያል። የሚሰማው እኔ ነኝ፤ ለዚያ ነው የምከፈለው። አንዱ ሌላው ያለውን ሲደግም ደግሞ «ተመሳሳይ ሀሳብ ከሌላ ተሳታፊም ተነስቷል» ብዬ እዘጋዋለሁ። ይህችን ዓረፍተ ነገር ስንት ጊዜ እንደጻፍኳት ፈጣሪ ይወቀው። ጠቃሚ ነች፣ ሰውም አታስከፋም፣ ማንም አንብቦ ጥያቄ አያነሳባትም።

አደባባዩ ድሮ አደባባይ ይባል እንጂ አራት መንገድ ተፋጦ የሚጣላበት ቦታ ነበር። ከባምባሲ በኩል ሲሚንቶና ብረት የጫኑ መኪኖች ይመጣሉ፤ ከገበያው በኩል ከሰል የጫኑ አህዮች ይወጣሉ፤ መሃሉን ባጃጅ ይሞላዋል። ጠዋት ሥራ ሲገባና ከሰዓት በኋላ ሲወጣ ሁሉም ይቆማል፤ ሁሉም ይሳደባል። በአንደኛው ጥግ፣ በረንዳው መንገዱ ላይ ወጣ ብሎ፣ ወፍጮ ቤቱ ነበር። ማሽላና በቆሎ በማዳበሪያ ከረጢት የያዙ ሴቶች ተሰልፈው ይውላሉ። የሚሠራው በናፍጣ ስለሆነ መብራት ሲጠፋ አይቆምም። ትልቁ ግድብ ጎረቤታችን ነው፣ መብራቱ ግን ቤታችን እንደ እንግዳ ነው የሚመጣ የሚሄደው፤ ስለዚህ የማይቆም ወፍጮ ቀላል ነገር አልነበረም።

ቢሮ ከመግባቴ በፊት ከወፍጮው ፊት ለፊት፣ ከመንገዱ ማዶ፣ ሻይ እጠጣ ነበር። ሽማግሌውን ያወቅኳቸው እዚያ ተቀምጬ ነው። የበርታ ብሔረሰብ ሰው ናቸው፤ ዓይናቸው ከሕፃንነታቸው ጀምሮ አያይም። ቀርከሃ ሰንጥቀው ቅርጫትና የዶሮ ጎጆ ይሠራሉ። የሠሩትን ደራርበው በራሳቸው ላይ ይሸከሙና፣ በትራቸውን ይዘው፣ ብቻቸውን ገበያ ይወርዳሉ። መንገዳቸው በአደባባዩ ነው።

አሻጋገራቸውን ማየት ሻዬን ያስረሳኝ ነበር። ወፍጮው ጋ ሲደርሱ ይቆማሉ። ጀርባቸውን ለወፍጮው ይሰጣሉ፤ ድምፁ ከቀኝ ጆሯቸው ኋላ እስኪሆን ድረስ እግራቸውን ትንሽ ትንሽ ያስተካክላሉ። ከዚያ ባጃጁ ጋብ ሲል ቀጥ ብለው ይሄዳሉ፣ ድምፁን ከዚያችው ቦታ ሳያወርዱ። መሃል ላይ ሲደርሱ የሻይ ቤቱ ሬዲዮ ይቀበላቸዋል። አንድ ጊዜም ከመስመር ሲወጡ አላየሁም፤ እኔ ዓይን ያለኝ ሰውዬ እዚያ ቦታ ሁለት ጊዜ በባጃጅ ተገጭቻለሁ። የባጃጅ ሾፌሮችም ያውቃሉ። እሳቸው መንገዱ ላይ ካሉ ክላክስ የሚያደርግ የለም፤ አዲስ ሾፌር ሲያጠፋ ሌሎቹ «ዝም በል፣ ሽማግሌው ወፍጮ እየሰሙ ነው!» ብለው ይጮሁበታል።

አንድ ቀን ታዲያ የጭነት መኪና መሃል መንገድ ላይ ተበላሽቶ ቆሞ፣ እሳቸው ደርሰው ነኩትና ቆሙ። እኔ አዛኝ ነኝ፤ ሻዬን ትቼ ሮጥኩ። «አባቴ፣ በዚህ በኩል» ብዬ ክንዳቸውን ያዝኩና በመኪናው ዞሬ አሻገርኳቸው። ዳር ስንደርስ ክንዳቸውን መነጨቁኝ። አማርኛ የተማሩት ገበያ ላይ ነው፤ ሲናደዱ ደግሞ ያችም ትሸሻቸዋለች።

«ለምን ያዘኝ?» አሉ። «እኔ ወፍጮ ይዞ ነበር። አንተ ያዘኝ፣ ወፍጮ ከጆሮ ወጣ። አሁን እኔ ጠፋ!»

«ይቅርታ አባቴ፣ መኪናው...»

«መኪና እኔ በዱላ ያገኘዋል። መልሰኝ። ወፍጮ ጋ መልሰኝ።»

መልሼ ወፍጮው ጥግ ወሰድኳቸው። እግራቸውን አስተካከሉ፣ ጆሯቸውን አቀኑ፣ ከመጀመሪያው ጀመሩ፤ መኪናውን በበትራቸው እየዳበሱ ዞረው ተሻገሩ። ማዶ ሲደርሱ ዞር ብለው «ሙሉ ዕድሜ ብቻዬን ነው የሚሄድ፣ ወላሂ!» ብለው ጮሁልኝ። ሻይ ቤቱ በሙሉ ሳቀብኝ። ከዚያ ወዲህ ሰላምታ ስሰጣቸው ድምፄን ለይተው «አንተ ያ የሚይዘው ሰውዬ!» ይሉኝ ነበር። ወዳጅ ሆንን ማለት እችላለሁ።

ከዚያ አደባባዩ ሊሻሻል ነው ተባለ፤ የሕዝብ ውይይት ተጠራ። አዳራሹ ሞላ። ከአዲስ አበባ የመጣው መሐንዲስ ገና ወጣት ነው፣ ትሑት ነው፤ ሁሉንም «እርስዎ» ይላል። በግድግዳው ላይ የአዲሱን አደባባይ ሥዕል አሳየን። ሰፊ መንገድ፣ በመሃል የብረት አጥር፣ በዳር ዛፍ፣ ከዛፉ ሥር እጃቸውን እያወዛወዙ የሚንሸራሸሩ ሰዎች። አሶሳ ናት እንዳልል በሥዕሉ ውስጥ አንድም ነገር የተሸከመ ሰው የለም። «እያንዳንዷን አስተያየት እንፈልጋለን» አለ መሐንዲሱ። «በቃለ ጉባኤው ላይ ለሰፈረው ለእያንዳንዱ ነጥብ መልስ እንሰጣለን።» እንዲህ የሚል ብዙ ሰምቻለሁ፤ ይሄኛው ግን ከልቡ ነበር። ኋላ ነው ያወቅኩት።

ሽማግሌው ከፊት ወንበር ተቀምጠዋል፣ ከእኔ ጠረጴዛ ሁለት እርምጃ ቢሆን ነው። አጠገባቸው የተቀመጠው የወፍጮ ቤቱ ባለቤት ሥዕሉን በጆሯቸው ይተርክላቸዋል። ሰው መናገር ጀመረ። የባጃጅ ሾፌሮች ተወካይ መቆሚያ ቦታ ጠየቀ። ሽንኩርት የምትሸጥ ሴት ጥላ ያለው መደብ ጠየቀች። የወፍጮ ቤቱ ባለቤት ምትክ ቦታና ካሳ ጠየቀ። ሁሉም ተመዘገበ። እንዲህ እንዲህ እያለ የምሳ ሰዓት አለፈ፤ ሰው ወንበሩ ላይ መቁነጥነጥ ጀመረ። በመጨረሻው ዙር አምስተኛ ሆነው የተነሱት ሽማግሌው ናቸው።

«ቢስሚላህ» አሉ። «እኔ መንገድ ይስፋ፣ ደስ ይለኛል። ወፍጮ ይፈርሳል አላችሁ፣ ይፍረስ። እኔ እምቢ አይልም። ግን እኔ ወፍጮ ሰምቶ ነው የሚሻገር። ወፍጮ ከሌለ አደባባይ ለእኔ ሜዳ ነው፣ የት ገባ፣ የት ወጣ አያውቅም። ወፍጮ ሲፈርስ እዚያው ቦታ ሌላ የሚጮህ ነገር አድርጉልኝ። ትልቅ ነገር አይደለም። እንጨት ላይ ቆርቆሮ ስቀሉ፣ ንፋስ ይመታዋል። ወይ ደወል ስቀሉ። የቤተ ክርስቲያን ደወል ቢሆንም ግዴለም፣ እኔ ለአላህ ይነግረዋል!»

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። የክፋት ሳቅ አልነበረም፤ የረሃብና የፍቅር ሳቅ ነው። ሙስሊሙም ክርስቲያኑም እየተያየ ሳቀ፣ አንዳንዱ አጨበጨበ። እኔም እንባዬ እስኪመጣ ሳቅኩ። ሽማግሌው ትንሽ ቆመው ጠበቁ፣ ከዚያ ወንበራቸውን በእጃቸው ፈልገው ተቀመጡ። ሰብሳቢው ሳቁን ሳይጨርስ «የወፍጮው ጉዳይ ቀደም ሲል ተነስቷል፤ ከካሳው ጋር አብረን እናየዋለን» አለ። ከዚያ ምሳ ሆነ።

ቃለ ጉባኤውን ያጠናቀርኩት በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ ነው። ረሳሁት ብል ደስ ይለኝ ነበር፤ አልረሳሁትም። ቃል በቃል ትዝ ይለኝ ነበር። ግን እንዴት ይጻፋል? «ንፋስ የሚመታው ቆርቆሮ ይሰቀል» ብዬ ከፍሳሽ ማስወገጃና ከመብራት ምሰሶ ጎን ላስቀምጥ? አለቆቼ ሲያነቡት «ምን ነካህ?» የሚሉኝ መሰለኝ። ሁለት ገጿም ሞልታለች። የወፍጮ ቤቱ ባለቤት የተናገረው ሥር «የወፍጮ ቤቱን መነሳት በሚመለከት ተመሳሳይ ሀሳብ ከሌላ ተሳታፊም ተነስቷል» ብዬ ጻፍኩ። ፈረምኩ፣ ማኅተም ተደረገበት፣ ሄደ።

ወፍጮ ቤቱ በበጋው ፈረሰ። ባለቤቱ ምትክ ቦታ ከከተማው ዳር ተሰጥቶት ነበር፤ ቅሬታ የለውም። ሎደሩ ጠዋት ጀምሮ እስከ ምሳ ጨረሰው። እኔም እንደ ሁሉም ሰው ቆሜ አየሁ፤ የጭስ ማውጫው ቱቦ ሲወድቅ ሰው አጨበጨበ። በነጋታው ጠዋት ሻይ ቤቱ ተቀምጬ ሽማግሌው ከማዶ ሲመጡ አየኋቸው።

ቅርጫታቸውን ደራርበዋል። የወፍጮ ቤቱ በረንዳ የነበረበት ቦታ ላይ ሲደርሱ እግራቸው በራሱ ቆመ። ዞረው ጀርባቸውን ለባዶ ሜዳ ሰጡ። ጠበቁ። ወፍጮው አንዳንዴ እህል እስኪሞላ ያርፍ ነበርና፣ ያንን መስሏቸው ይሆናል። ቆይተው «ወፍጮ ዛሬ የለም?» ብለው ጠየቁ፣ ማንን እንደሚጠይቁ ሳያውቁ።

«ፈርሷል አባባ» አላቸው አንድ የባጃጅ ሾፌር። «ትናንት።»

«አሃ» አሉ።

እግራቸውን አነሱ፣ መልሰው እዚያው አስቀመጡት። ጆሯቸውን ወደ ግራ አዞሩ፣ ወደ ቀኝ አዞሩ። ያ ሾፌር ልቡ ተነክቶ ነው መሰል ሞተሩን አጠፋላቸው። አጠገቡ ያለውም አጠፋ። ከኋላ ያሉት ምን ሆነ ብለው አንገታቸውን አውጥተው አዩና እነሱም አጠፉ። ሻይ ቤቱም ሬዲዮውን ዘጋ። ስድብና ጩኸት ተለይቶት የማያውቀው አደባባይ ጸጥ አለ። እኔ በሕይወቴ እንደዚያ ያለ ጸጥታ ሰምቼ አላውቅም። ሰው ሁሉ ደግ ሊሆንላቸው ፈልጎ ነው ያን ያደረገው፤ እሳቸው ግን በዚያ ጸጥታ ውስጥ ይብስ ጠፉ። የሚይዙት ድምፅ አንድም አልቀረም። አንድ እርምጃ ሄዱ፣ ቆሙ፤ በስህተት ወደ ባምባሲ መንገድ ዞረው ሌላ እርምጃ ሄዱ፣ ቆሙ።

ልሮጥና ክንዳቸውን ልይዝ ተነስቼ ነበር። ለምን ያዘኝ ያሉኝ ትዝ አለኝ፤ ተመልሼ ተቀመጥኩ። ይህንንም ነው የማልረሳው። በመጨረሻ ያው ሾፌር ወርዶ ከነቅርጫታቸው ባጃጁ ውስጥ አስቀመጣቸውና መንገዱን አሻገራቸው። ከእኔ ሁለት ክንድ ርቀት ላይ አወረዳቸው። ፊታቸው ላይ ንዴት ባይ ደስ ይለኝ ነበር። አልነበረም። «አሰላሙ አለይኩም አባቴ» ማለት ተስኖኝ፣ ድምፄን እንዳይለዩ አፌን ዘግቼ ተቀመጥኩ።

ከዚያ በኋላ ሁለት ሦስት ጊዜ መጥተው ነበር። ከዚያ ቀሩ። ቅርጫቱን ይዛ የምትመጣው ምራታቸው ሆነች። አንድ ቀን አስቁሜ «ታመው ነው?» አልኳት።

«ኧረ ደህና ናቸው። ቁጭ ብለው ይሠራሉ፣ ይበላሉ፣ ይሰግዳሉ» አለችኝ። «ብቻ አይወጡም። እየመራን እንውሰድዎት ብንል፣ ሰው መርቶኝ አያውቅም ብለው ይቆጣሉ። እኛም ተውናቸው።»

መንገዱ ሲያልቅ መሐንዲሱ ለርክክብ መጣ። ስንዞር አብሬው ነበርኩ፤ የሚባለውን መመዝገብ ነበረብኝ። ሥራው አኩርቶታል፣ ሊያኮራውም ይገባል። ለእያንዳንዱ አስተያየት የሰጠውን መልስ በሠንጠረዥ አዘጋጅቶ ይዟል። ለባጃጆቹ መቆሚያ ሠርቷል። ለሽንኩርት ሻጮቹ ጥላ ሠርቷል። እንደ ቀልድ አድርጌ ጠየቅኩት። «አንድ ዓይነ ስውር ሽማግሌ ነበሩ፤ ቆርቆሮ ወይ ደወል ይሰቀልልኝ ያሉ። የእሳቸው ነገር እንዴት ሆነ?»

ወረቀቱን ከላይ እስከ ታች አየ። «የለም እኮ» አለ። «ሲናገሩ አስታውሳለሁ፣ ሁላችንም ስቀናል። ግን እኔ የምሠራው በቃለ ጉባኤው ነው። ቢኖር ኖሮ ምን ችግር ነበረው? አንድ ምሰሶ ማቆም ነው እኮ። ሌላ ከተማ ላይም ለማየት ለተሳናቸው ድምፅ ያለው መሻገሪያ ሠርተናል።» ከዚያ ቀና ብሎ አየኝ። «ቃለ ጉባኤውን የያዙት እርስዎ አልነበሩም እንዴ?»

«እኔ ነኝ» አልኩ።

ወፍጮውን መስማት የጀመርኩት ከዚያ ቀን ወዲህ ነው። ለማስተካከል አልሞከርኩም አልልም። ማመልከቻ ጻፍኩ፤ ፕሮጀክቱ ርክክብ ስለተደረገበት ለወደፊቱ ይታያል የሚል መልስ መጣ። እሑድ ቀን መሰላል ተውሼ፣ በገዛ እጄ የቆርቆሮ ቁራጭ ወፍጮው የነበረበት ጥግ ካለው የመብራት ምሰሶ ላይ በሽቦ ሰቀልኩ። ዓይኔን ጨፍኜ ከሥሩ ቆምኩ። መንገዱ ሰፍቶ መኪናው ሁሉ ስለሚበር የጎማው ጩኸት ይውጠዋል፤ አንዴ ይሰማል፣ አንዴ አይሰማም። ዓይኔን ጨፍኜ ሦስት እርምጃ ለመሄድ ሞከርኩና ፈርቼ ገለጥኩ። በሦስተኛው ቀን ጽዳት ሠራተኞች ውበት ያበላሻል ብለው አወረዱት። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ የሚባለው እኔ ነኝ።

በዚህ ዓመት ክረምቱ ሊገባ ሲል እሳቸው ቤት ሄድኩ። ለመሄድ ይህን ሁሉ ጊዜ የወሰድኩት ስለፈራሁ ነው። ግቢያቸው ውስጥ ማንጎ ሥር ተቀምጠው ቀርከሃ ይሰነጥቃሉ፤ አጠገባቸው የቅርጫት ክምር ከቁመታቸው በላይ ሆኗል። ድምፄን ሲሰሙ ፈገግ አሉ። «ያ የሚይዘው ሰውዬ! ጠፋህ» አሉኝ። ምራታቸው ውሃ አመጣችልኝ።

«አባቴ» አልኩ፣ «የስብሰባው ዕለት ቃለ ጉባኤውን የያዝኩት እኔ ነኝ። እርስዎ ያሉትን ግን አልጻፍኩትም።»

ቢላዋው አልቆመም። «አውቃለሁ» አሉ።

«ማን ነገረዎት?»

«ማንም። እኔ ፊት ነው የተቀመጠ፣ አንተ እዚህ።» በቢላዋው ከፊታቸው ያለውን አየር ነካ አደረጉ። «ባለወፍጮ ሲናገር እስክሪብቶ ይሄዳል። ሽንኩርት የሚሸጠው ሴትዮ ሲናገር እስክሪብቶ ይሄዳል። እኔ ተናገረ፣ እስክሪብቶ ቆመ። ሰው ሁሉ ይስቃል፣ እኔ እስክሪብቶ ነው የሚሰማ። እስኪሄድ ቆሞ ጠበቀው። አልሄደም።»

ሳቁ መሃል ቆመው የጠበቁት ያንን ነበር።

«ታዲያ ለምን አልነገሩኝም?» አልኩ። ድምፄ እንደ ልጅ ድምፅ ሆነ። «በማግስቱ፣ ሻይ ቤት ሲያገኙኝ፣ ጻፍልኝ ቢሉኝ...»

«አፈረ እኔ፣ ሰው ስለሳቀ። ደግሞ ኋላ ይጽፋል ብሎ አሰበ። ይሄ ሰው ጥሩ ሰው ነው፣ ሳይጠሩት ክንድ የሚይዝ ነው፣ ሳይነግሩት ይጽፋል ብሎ አሰበ።» ሳይቆጡ ነው ያሉት። የገደለኝ ሳይቆጡ ማለታቸው ነው።

ደብተር ይዤ ነበር። ይድገሙልኝ፣ አሁን ቃል በቃል ልጻፈው አልኳቸው። «አሁን ለማን?» አሉና ቀርከሃቸውን አገላበጡ። አለቀስኩ። ማልቀሴን ሰምተዋል፤ የሰሙ አላስመሰሉም።

በዚህ መሃል ምራታቸው ከክምሩ ላይ የምትችለውን ያህል ቅርጫት ደራርባ ተሸከመች፣ «ገበያ ሄድኩ» ብላ ወጣች። ሽማግሌው ቢላዋውን መሬት ላይ አስቀመጡ። ፊታቸውን ወደ በሩ መለሱ፣ ኮቴዋ ሩቅ እስኪሆን አዳመጡ፤ ጠፍቶም ማዳመጣቸውን አልተዉም። ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል። ጸሎት መሰለኝ።

«አሁን መስጊድ ጋ ነው» አሉ ቆይተው። «አሁን ቁልቁል ይወርዳል። ጠጠር አለ፣ ቀስ ይላል።» ጣታቸው ጉልበታቸው ላይ እርምጃዋን ይቆጥራል። «አሁን ድልድይ። አሁን ሽቅብ ነው፣ ቅርጫት ከበደው። አሁን ብረት የሚቀጠቅጡት ጋ ደረሰ።» እግራቸው መሬቱ ላይ ትንሽ ትንሽ ይል ነበር። በሩን አልፈው ወጥተው፣ ከኋላዋ ተሸክመው፣ ብቻቸውን እየሄዱ ነበር። እኔም አብሬ ሄድኩ።

«አሁን አደባባይ» አሉ።

ጣታቸው ቆመ። እግራቸውም ቆመ። ጠበቅኩ።

«ከዚያስ አባቴ?» አልኩ።

«ከዚያ ወዲያ አላውቅም» አሉ፤ መሬቱን ዳብሰው ቢላዋቸውን አነሱ።